ወጥታ ያልገባች

በእኛ በሰሜን ሸዋ አንድ ሰው ቤተ ክርስቲያኑን ትቷል ሲባል ከሰሚው አፍ ቀድሞ የሚወጣው «ለምን?» የሚለው ሳይሆን «የት ገባ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ጥያቄው ክፋት የለበትም። ሰው የሚዳረው፣ የሚጠመቀው፣ የሚቀበረው፣ ዓመት በዓል የሚያከብረውና ጎረቤቱን ቡና የሚጠራው በሃይማኖቱ በኩል በሆነበት አገር፣ ከአንዱ ደጅ ወጥቶ ወደ ሌላው ያልዘለቀ ሰው ሜዳ ላይ የቀረ ይመስላል። እኔ ከካቶሊክ ቤት ወጥቻለሁ፤ የገባሁበት ሌላ ቤት ግን የለም። ይህን የምጽፈው ሌላውን ላስወጣ ወይም የወላጆቼን እምነት ላቃልል ብዬ አይደለም። እንዲህ ያለው መውጣት በእኛ ከተማ፣ በአንዲት ሴት ልጅ ላይ፣ ምን እንደሚመስል በቅጡ ሊጻፍ ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው።

ደብረ ብርሃን ላይ ካቶሊክ ሆኖ ማደግ አዲስ አበባ ወይም ወላይታ ካቶሊክ ሆኖ ከማደግ ይለያል። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ በመላው ኢትዮጵያ የካቶሊኮች ድርሻ ከመቶ 0.7 ገደማ ነበር፤ በእኛ ቁምስና (በካቶሊክ አጥቢያችን) ደግሞ እሑድ ጠዋት ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ ለማወቅ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ ማየት ይበቃ ነበር። ብዙ ሰው ካቶሊክ ሲባል የፈረንጅ ነገር ይመስለዋል። እኛ ግን የምናስቀድሰው በግእዝ ሥርዓት ነው፤ ከበሮውም ጸናጽሉም አለ፤ ገናችን ታኅሣሥ 29፣ ጥምቀታችን ጥር 11፣ ፋሲካችንም ከጎረቤቶቻችን ጋር በአንድ ቀን ይውላል። ከውጭ ለሚያየን ሰው ልዩነታችን እጅግ ጥቂት ነበር። አባቴ ግን ሕይወቱን ሁሉ የተከለው በዚያች ጥቂት ልዩነት ላይ ነው።

ለዚህም ምክንያት ነበረው። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ በልጅነቱ አዲስ አበባ ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገብቶ ተምሮ፣ ካቶሊክ ሆኖ ወደ አገሩ ሲመለስ የገዛ ወንድሞቹ «ማተቡን በጥሶ መጣ» ብለው ከርስት ነቀሉት። አባቴ ይህን ሲተርክልን ድምፁ አይለወጥም ነበር። ድምፁ የሚለወጠው ስለ ልቼ ሲያነሣ ነው። ከደብረ ብርሃን ወጣ ብላ የምትገኘው ልቼ በአንድ ወቅት የምኒልክ ከተማ ነበረች፤ አባ ማስያስ እየተባሉ የሚጠሩት ጣሊያናዊው የካፑቺን መነኩሴ ጉሊዬልሞ ማሳያ እ.ኤ.አ. በ1868 ወደ ሸዋ መጥተው፣ ገና የሸዋ ንጉሥ በነበሩት በምኒልክ ዘንድ መልካም አቀባበል አግኝተዋል። ዐሥር ዓመት ያህል ከቆዩ በኋላ ግን ምኒልክ ለዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ሲገብሩ ሚሲዮናውያኑን ማስወጣት ከእርቁ ጋር አብሮ መጣና በ1879 አገሩን ለቀው ሄዱ። በዚያ በኩል ባለፍን ቁጥር አባቴ «እዚህ ነበርን፤ አስወጡን» ይለን ነበር። «ነበርን» ሲል እኔንም ይጨምራል። እኔ ከመወለዴ ከመቶ ዓመት በፊት ከተባረሩ ሰዎች ጋር እንደተባረርሁ ሆኜ አደግሁ።

ትምህርት ቤት ደግሞ ይህንኑ ከሌላው ጎን ተማርሁት። የታሪክ መምህራችን ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ እንደተቀበለ፣ ሕዝቡ እንዳመፀ፣ ስንት ደም ከፈሰሰ በኋላ በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ እንደለቀቀ አስረዳንና «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለውን ጽሑፍ ሰሌዳው ላይ አሰፈረው። ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ማታ ለአባቴ ስነግረው ያላጽናናኝ መሆኑን አስታውሳለሁ፤ «እነሱ ከሚጾሙት አብልጠሽ ከጾምሽ፣ እነሱ ከሚሰግዱት አብልጠሽ ከሰገድሽ፣ ማን ምን ይልሻል?» ነበር ያለኝ። ያደግሁበትን ቤት ጥብቅነት ለሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ የምሰጠው መልስ ይህ የአባቴ አነጋገር ነው። ጥብቅነቱ ከሮም የመጣ አልነበረም። በብዙዎች መካከል የሚኖሩ ጥቂቶች፣ ነቀፋ እንዳያገኛቸው፣ ከነቃፊው በላይ የሚጠነክሩበት ጥብቅነት ነበር።

በሰፈሩ «ካቶሊክ ጾም አያውቅም» ይባላል። እውነት ነው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በጾም ረገድ ከጎረቤቶቻችን ቀለል ያለ ሥርዓት አላት። በእኛ ቤት ግን ሁዳዴው፣ የነቢያቱ፣ ፍልሰታው፣ ረቡዕና ዓርቡ ያለ ወተትና ያለ እንቁላል ይጾማል፤ በዚያ ላይ የወሩ የመጀመሪያ ዓርብ የልበ ኢየሱስ ነው፣ ግንቦት ሙሉውን የእመቤታችን ነው። የሁለቱንም ቤት ሸክም ተሸክመን የአንዱንም ደስታ አናገኝም ነበር። ለጥምቀት እኩዮቼ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ከታቦት ጋር ሲወርዱ እኔ በቁምስናው ግቢ ውስጥ ባለችው ትንሽ በዓል ተወስኜ እውላለሁ። ሠርግ ቢጠሩን እናቴና አባቴ ምሳ በልተው ይነሣሉ፤ እኔ እስክስታ የወረድሁበት ቀን የለም። ፀጉሬ ይሸፈናል፣ ቀሚሴ ከጉልበቴ በታች በደንብ ይወርዳል፣ ከትምህርት ቤት የምመለስበት ሰዓት ይታወቃል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው ለማማረር አይደለም፤ ብዙ የኦርቶዶክስና የጴንጤ ልጆችም እንዲሁ አድገዋል።

የቤታችን ምሰሶ የማታ መቁጠሪያ ነበር። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጩ ሲወርድ የሲሚንቶ ወለል ጉልበት ላይ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ያውቀዋል። አባቴ ምንጣፉን ጠቅልሎ ያነሣና አምስታችንም በባዶው ወለል ላይ እንንበረከካለን። መቁጠሪያው ስለ ኢየሱስና ስለ እናቱ ሕይወት እየታሰበ የሚደገሙ፣ እያንዳንዳቸው «ምሥጢር» የሚባሉ አምስት ክፍሎች አሉት፤ እኛም አምስት ነበርን፤ አባቴ፣ እናቴ፣ ወንድሜ፣ እኔና ታናሽ እህቴ አንዳንዱን እንመራለን። አራተኛው የእኔ ነበር። ሰኞና ቅዳሜ የደስታውን፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘኑን፣ ረቡዕና እሑድ የክብሩን፣ ሐሙስ ደግሞ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ2002 የጨመሩትን የብርሃን ምሥጢር እንደግማለን። ዛሬም ስለዚያ ሰዓት ሳስብ የሚሰማኝ ጥላቻ አይደለም። የአባቴ ድምፅ፣ የእናቴ ጋቢ ሽታ፣ እህቴ እንቅልፍ ሲወስዳት ወደ እኔ መደገፏ አሁንም ውስጤ አለ።

ነገር ግን ስድስተኛ ሰው ነበረች። ከመንዝ በኩል የመጣች፣ ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ የቤት ሠራተኛ። ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ኩበት የምታነድ፣ እኛ ከበላን በኋላ የምትበላ፣ ማድ ቤት የምትተኛ ልጅ ናት። አንገቷ ላይ ጥቁር ማተብ አለ። አባቴ «በቤቴ ያለ ሁሉ ይጸልያል» ስለሚል፣ እሷም ከበስተ ኋላችን በሩ አጠገብ ትንበረከካለች። ቃሉን አትመልስም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ከመንበርከኳ ሌላ የሚፈለግባት ነገር አልነበረም፤ መንበርከኳ ግን ይፈለግባት ነበር።

ሐምሌ 6 ማታ ነው። ሐምሌ 7 ሥላሴ ይነግሣል፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ደግሞ የከተማው ሁሉ በዓል ነው። ልጅቷ ቀደም ብላ እናቴን ፈቃድ ጠይቃ፣ ሥራ አለ ተብላ ተከልክላ ነበር። አባቴ ምንጣፉን ሲያነሣ እሷ በሩ ላይ ቆመች። ተንበርከኪ ሲላት «ጋሼ፣ እኔ የሥላሴ ነኝ። ነገ ሥላሴ እሄዳለሁ፤ ዛሬም አልንበረከክም» አለችው። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፤ አልጮኸችምም። አባቴ ለጊዜው መልስ አጣ፤ ከዚያ መቁጠሪያውን ጀመረ። በሳምንቱ ደመወዟን ቆጥሮ ሰጥቶ፣ የመሳፈሪያም ጨምሮ አሰናበታት። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ሒሳቧን አላጎደለባትም፤ ክፉ ቃልም አልወጣውም። ነገር ግን አባቱ ስለ እምነቱ ከርስቱ የተነቀለ ሰው፣ አንዲት ድሃ ልጅ ስለ እምነቷ ከቤቱ እንድትወጣ ሲያደርግ የሁለቱን ነገር አንድነት አላየውም። እኔ ያየሁት ይመስለኛል፤ የምናገርበት ቃል ግን ገና አልነበረኝም።

ቃሉ ይገኝበታል ብዬ የሄድሁበት ቦታ ኑዛዜ ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1215 በአራተኛው የላተራን ጉባኤ የደነገገችው ምእመን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲናዘዝ ነው። በእኛ ቤት በየሁለት ሳምንቱ ነበር። ከትምህርተ ክርስቶስ የተሰጠን የኅሊና መመርመሪያ አለ፤ በዐሥርቱ ትእዛዛት ቅደም ተከተል የተደረደረ የጥያቄ ዝርዝር ነው። ጸሎት አጓድያለሁን? በጾም ቀን በልቻለሁን? ወላጆቼን አልታዘዝሁምን? ክፉ ሐሳብ ወድጄ በአእምሮዬ አቆይቻለሁን? ለአካለ መጠን ስደርስ የመጨረሻው ጥያቄ ሌሎቹን ሁሉ ዋጣቸው። ኃጢአት የሚሆነው ሐሳቡ መምጣቱ ሳይሆን ወድጄው መቆየቱ ነው ተብሎ ስለተነገረን፣ ቆይቻለሁ ወይስ አልቆየሁም እያልሁ ሌሊቱን ሙሉ የራሴን ሐሳብ ሳሳድድ አድር ነበር። አንድ የክፍሌ ልጅ ደብተር ሲመልስልኝ ፈገግ ቢል፣ ፈገግታውን ስንት ጊዜ እንዳስታወስሁት ቆጥሬ ይዤ የምሄድበት ጊዜ ነበር። ከእንዲህ ያለ ሕይወት የሚወጣ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ነገር ጥቂት ነው፤ ራሱን የሚያየው ሁልጊዜ በከሳሽ ዓይን ነውና።

ልጅቷ ከተሰናበተች በኋላ በነበረው ኑዛዜ ዝርዝሩን ጨረስሁና ስለ እሷ ተናገርሁ። በግድ ስትንበረከክ የኖረች፣ አልንበረከክም ስትል የተባረረች ልጅ በቤታችን ነበረች፤ ይህ የሁላችን ኃጢአት አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። አናዛዤ ደግ ሰው ነበሩ። «ልጄ፣ እሱ የወላጆችሽ ጉዳይ ነው፤ የአንቺን ተናገሪ» አሉኝ፤ ከዚያም ስለ ጸሎቴና ስለ ሐሳቤ ጠይቀው፣ ዐሥር ጊዜ ሰላም ላንቺ ማርያም እንድደግም አዘውኝ አሰናበቱኝ። እንደ ሥርዓቱ ትክክል ነበሩ። ከቁምስናው ስወጣ ግን አንድ ነገር ተለይቶ ታየኝ፤ ኃጢአት ነው ብዬ በልቤ የማላምነውን እየተናዘዝሁ፣ ኃጢአት መሆኑን አጥብቄ የማምነውን የምናገርበት ቦታ አጥቻለሁ። ከእምነት የወጣሁበትን ቀን ንገሪን ለሚሉኝ የምጠቅሰው ሌላ ቀን የለኝም። ከዚያ በኋላ ለዓመታት እየተናዘዝሁ፣ እየቆረብሁ፣ አራተኛውን ምሥጢር እየመራሁ ኖርሁ፤ ዳኝነቱ ግን ወደ እኔ ተመልሶ ነበር።

ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ስገባ ከቤት ብዙ አልራቅሁም፤ ንባብ ግን አራቀኝ። የከተማችን ስም ከሰማይ ከወረደ ብርሃን እንደመጣ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ብርሃኑን አይቶ ቤተ ክርስቲያንና ቤተ መንግሥት ሠራ ይባላል። ከብርሃኑ በፊት የሆነውን ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። የንጉሡ ዜና መዋዕል ብርሃኑ የታየው ደቂቀ እስጢፋኖስ የተባሉት መነኮሳት በዚያው ቦታ በድንጋይ ከተወገሩ በኋላ መሆኑን ይተርካል። የእነዚህ መነኮሳት ገድል ወደ አማርኛ ተመልሶ ስለነበር ቁጭ ብዬ አነበብሁት። ከሃዲዎች አልነበሩም። ሲበዛ የሚጾሙ፣ በእጃቸው ሠርተው የሚበሉ፣ እመቤታችንን የአምላክ እናት ብለው የሚያከብሩ ሰዎች ናቸው። ንጉሡ ለማርያም ሥዕልና ለመስቀል ስገዱ ሲላቸው ስግደታችን ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው አሉ፤ በንጉሡ ፊትም አንሰግድም አሉ። ለዚህ ተገረፉ፣ አካላቸው ተቆረጠ፣ ተገደሉ።

እኔ እስጢፋኖሳዊ አይደለሁም፤ ትምህርታቸውን ሁሉ ልቀበል የምችልም አይመስለኝም። ያስደነቀኝ፣ ስገዱ የተባሉበት ነገር ቅዱስ መሆኑ ወይም አለመሆኑ ሳይሆን፣ መስገድ የሰው ልብ ሥራ ነው ብለው ለንጉሥ አሳልፈው አለመስጠታቸው ነው። አልንበረከክም ያለችው የመንዝ ልጅ ይህን ገድል አላነበበችም፤ ምናልባትም ብታነበው ትቆጣ ነበር፤ እሷ የምትወደው ንጉሡ የሠራውን የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን ነውና። ነገር ግን በሩ ላይ ቆማ ያለችው ቃል ከእነሱ ቃል የተለየ አይደለም። ሁለቱንም አንድ ላይ ሳስባቸው፣ የእኔ መንበርከክ ከልጅነቴ ጀምሮ የአባቴ እንጂ የእኔ እንዳልነበረ ገባኝ። ልከለክለው ያልቻልሁት ነገር ስለነበረ ሰጥቼውም አላውቅም።

መጀመሪያ ያቆምሁት ቁርባን ነው። ማታለል መስሎ ስለታየኝ ለመቁረብ መነሣት ተውሁ። ትልቅ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቢሆን ማንም ልብ አይለውም፤ በእኛ ቁምስና ግን አንዲት ያላገባች ወጣት ሁለት እሑድ በተከታታይ ካልቆረበች ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህንን ወንዶች አይጠየቁም፤ ወንድሜ ወራት ሳይቆርብ ሲቀር «ሰንፏል» ነው የተባለው። እናቴ አንድ ማታ ማድ ቤት ጠርታኝ፣ በሩን ዘግታ፣ «ልጄ፣ የደረሰብሽ ነገር አለ? ለእኔ ንገሪኝ፤ ለአባትሽ ቀስ ብለን እናስረዳዋለን» አለችኝ። ፅንስ መስሏት ነበር። እንዳልሆነ፣ እምነቴ መሆኑን ስነግራት ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ፤ ማርገዜን ብነግራት ይቀላት እንደነበር ከፊቷ ላይ አነበብሁ። ለዚያኛው ነገር ንስሐ አለው፣ ሽምግልና አለው፣ ጊዜ ያስረሳዋል። ለዚህኛው ምን እንደሚደረግ አታውቅም።

እናቴ ራሷ የወጣች ሰው ናት። የመንዝ ኦርቶዶክስ ልጅ ሆና ተወልዳ፣ አባቴን ስታገባ ወደ እሱ ቤተ ክርስቲያን ገባች። አያቴ፣ የእሷ አባት፣ እስኪሞት ድረስ ቤታችን እህል አልቀመሰም፤ ሲሞትም ተዝካሩ ላይ ምግቧ ለብቻ ተለይቶ ቀረበላት። ይህን ሁሉ ያሳለፈች ሴት ትረዳኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን እንዲህ አለችኝ፤ «እኔ ከአንዱ ወጥቼ ወደ አንዱ ገባሁ፤ አባትሽ እጄን ይዞኝ ነበር። አንቺን ማን እጅሽን ይዞሽ ነው የምትወጪው? ነገ ስትሞቺ ማን ይፈታሻል? የት ትቀበሪያለሽ?» ጥያቄዋ የዋዛ አልነበረም። እድር ለማንም ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮም ይቀቅላል፤ መቃብሩ ግን የቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው፣ ፍትሐቱም የካህን ነው። ጥቂቶች ሆነው የኖሩ ካቶሊኮች ሬሳ ይዘው መቆምን ያውቁታል፤ እናቴም የፈራችልኝ ያንን ነው። መልስ አልነበረኝም፤ እስካሁንም የምትረካበት መልስ አላገኘሁላትም።

አባቴ አልተቆጣም። ነገሩን ከእናቴ ከሰማ በኋላ ለብቻችን ተቀምጠን አንድ ጊዜ ብቻ ተነጋግረናል። «ያስተማርሁሽ ሐሰት ነው?» አለኝ። ሐሰት ነው አልልም አልሁት፤ እውነት ነው ለማለት ግን ራሴ ልደርስበት እንደሚገባኝ፣ እስክደርስበትም እንደማልንበረከክ ነገርሁት። ብዙ ዝም ካለ በኋላ «አባቴ ይህን ለእኔ ለማቆየት መሬቱን አጥቷል» አለ። ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው፤ ክርክር ቢሆን እመልስለት ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ከክፍሌ ሆኜ መቁጠሪያውን ሰማሁ። አራተኛው ምሥጢር ላይ ሲደርሱ ለአፍታ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አባቴ ራሱ መራው። ለእህቴም ለእናቴም አልሰጠውም። እስከዛሬ ድረስ ሁለት ምሥጢር የሚመራው እሱ ነው።

ወሬው ሲወጣ ሰፈሩ በሁለት ተከፍሎ መጣልኝ። አንዲት በጣም የምወዳቸው የጎረቤት እናት «ድሮም ደምሽ ነው የሳበሽ፣ ወደ እናትሽ ዘር ሃይማኖት ተመለሽ» ብለው፣ ተምሬ ሜሮን እንድቀባ ካህን ሊያነጋግሩልኝ ተነሡ። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ የእሁድ አምልኮ ጋበዘችኝ፤ «እዚያ ማንም አያስገድድሽም» አለችኝ። የሁለቱንም ደግነት አልረሳውም። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር አልገባቸውም፤ እኔ ከቤት የወጣሁት የተሻለ ቤት ፈልጌ አልነበረም። «ታዲያ ሃይማኖት የለሽም ማለት ነው?» ሲሉኝ አዎ ለማለት ይከብደኛል፤ ፈጣሪ የለም የሚል ድምዳሜ ላይ አልደረስሁምና። አለ ለማለትም እንደገና እንዲያንበረክኩኝ በር መክፈት ይመስለኛል። ስለዚህ የያዝሁትን ጥያቄ ያለ ማኅበርና ያለ ጽዋ፣ ለብቻዬ ይዤ እኖራለሁ። ብቸኝነቱ ቀላል አይደለም። የማርያም ቀን ሴቶቹ ጽዋ ሲጠጡ እኔ የምጠራው በጉርብትና እንጂ በአባልነት አይደለም፤ ሲጸልዩም ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ያነሣሉ።

በሕግ ረገድ ነገሩ አጭር ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 27 ማንንም ሰው የፈለገውን እምነት ከመያዝ በኃይል መከልከል እንደማይቻል ይደነግጋል፤ እኔንም ማንም በኃይል አልከለከለኝም። ቤተ ክርስቲያኒቱ በበኩሏ መውጫ ወረቀት የላትም። የተጠመቀ ሰው ጥምቀቱ አይፋቅም፤ እንደ እኛ ያሉ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊኮች የሚተዳደሩበት፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታወጀው የሕግ መጽሐፍም የጥምቀትን መሻር አያውቅም። በላቲኑ፣ ማለትም በምዕራቡ ሥርዓት ካቶሊኮች ሕግ ውስጥ ከጋብቻ ጋር በተያያዘ ቤተ ክርስቲያንን በይፋ የለቀቀ ሰውን የሚለይ ሐረግ ነበር፤ እሱንም ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ እ.ኤ.አ. በ2009 አስወጥተውታል። ስለዚህ ስሜ በቁምስናው መዝገብ ላይ አለ፤ ይኖራልም። እንዲሠረዝልኝ ጠይቄ አላውቅም። አያቴ ያጣው መሬት ዋጋ በዚያ መዝገብ ላይ ተጽፎ እንደቀረ ይሰማኛል፤ የእኔ አለማመን ደግሞ የእሱን ማመን መሠረዝ አይገባውም።

አሁን የምኖረው እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ከወላጆቼ ሁለት ሰፈር ርቄ ነው። ለፋሲካና ለገና እሄዳለሁ፤ አባቴ ማዕድ ሲባርክ ከሁሉ ጋር እቆማለሁ፣ መቁጠሪያው ሲጀመር ዕቃ አጥባለሁ። ይህን ስምምነት ማንም አልተነጋገረበትም። ቅዳሴው ይናፍቀኛል፤ በተለይ የግእዙ ዜማ፣ ትርጉሙን ሳላውቅ በልጅነቴ በቃሌ የያዝሁት። እናቴ ይህን ስታውቅ ተስፋ አደረገች፤ መናፈቅ መመለስ እንዳልሆነ ደጋግሜ ማስረዳት ነበረብኝ።

በቅርቡ ወንድሜ ሴት ልጅ ወለደ። በሰማንያ ቀኗ ልትጠመቅ ሲዘጋጁ ቤቴ መጥቶ የክርስትና እናት ሁኛት አለኝ። ነገሩን ያሰበው ለእርቅ ነው፤ ወላጆቼም ያውቁ ነበር። የክርስትና እናት የሚያምንና በእምነቱ የሚኖር ካቶሊክ መሆን አለባት፤ በሕፃኗ ስም ሰይጣንን ክዳ ጸሎተ ሃይማኖቱን ትደግማለች፤ ልጅቷን በዚያ እምነት ለማሳደግም ቃል ትገባለች። ወንድሜ «ቃሉን በይው እንጂ ማን ልብሽን ያያል?» አለኝ። እምቢ አልሁት፤ አንዲት ሕፃን በማላምነው ቃል አላስጠምቅም አልሁት። ተቆጥቶ «ታዲያ ለልጄ ምንዋ ልትሆኚ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለጥምቀቱ እንደምመጣ፣ ከእንግዳው ጋር ቆሜ እንደማይ፣ ድግሱንም እንደማግዝ ነገርሁት። ነፍስ ስታውቅና አክስቴ ለምን አትንበረከክም ብላ ስትጠይቀኝ ግን እንደማልዋሻት፣ የመንዟን ልጅ ታሪክም እንደምነግራት፣ ይህን ካልፈለገ አሁኑኑ እንዲነግረኝ አስጠነቀቅሁት። ሌላ የክርስትና እናት ተገኘችና ልጅቷ ተጠመቀች፤ ድግሱንም አገዝሁ። ለመጨረሻው ነገር ግን ወንድሜ አባታችንን ሳላማክር መልስ አልሰጥሽም ብሎኛል፤ እስካሁንም አልመለሰልኝም።